የግማሽ ቀን ጀልባ በጣና፦ ቅርብ ደሴቶች፣ ዘጌ ወይስ ደቅ?

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ የውሃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ይዛ ነበር። እግር ላይ የሚጠለቀው ፕላስቲክ ክንፍም አልቀረም። «ግማሽ ቀን ጀልባ እንይዛለን፣ ከደሴት ደሴት እንዞራለን፣ መሃል ላይ እንዋኛለን፣ ስኖርክሊንግ እናደርጋለን» ብላ ፕሮግራሟን ጨርሳ ነው የመጣችው። ሌላ አገር ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ጉዞ ሄዳ ወዳው ነበር። የእኛም ከተማ ስሟ ባሕር ዳር ነው። ምን ይፈረድባታል?

ጀልባ ነጂው መነጽሩን ከእጇ ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። ከዚያ መለሰላት። «እህትዓለም፣ ዓሣ ማየት ከሆነ ሐሳብሽ፣ ምሳ ሰዓት ሳህን ላይ ታይዋለሽ።»

ሳቅን። ግን ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። እንግዳ የመጣበት ዘመድ ሁሉ «የቱን ጉዞ ልያዝላቸው?» እያለ ይደውልልኛል። ስለዚህ የማውቃቸውን አማራጮች ጎን ለጎን ላስቀምጥ። የእኔን ፍርድ አስቀድሜ ልናገር፦ ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ደሴት አትቁጠሩ። ሁለት ቦታ ይበቃል። ዋናውን ደግሞ ከጀልባው ፕሮግራም ላይ ሰርዙት።

መጀመሪያ ስለ ውሃው

የአክስቴ ልጅ በቀላሉ የምታምን አይደለችም። ባዶ ሃይላንድ ጀልባው ጎን ነክራ ሞላችና ወደ ፀሐይ አነሳችው። ወተት ጠብ ያለበት ሻይ ይመስላል። እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። ጣቶቿ አልታዩም።

ይህ የቆሻሻ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ጥልቁ ቦታ ግን 14 ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ሰፊ ምጣድ በሉት። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በክረምት የገበሬውን አፈር ጠርገው ያመጡበታል። ነፋስ ሲመጣ ደግሞ የታችኛውን ደለል ያማስለዋል። በበጋ ትንሽ ይጠራል፤ መነጽር አጥልቆ ዓሣ የሚታይበት ግን አይሆንም። የሚያናድደው የሚታይ ነገር መኖሩ ነው። ባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን ከደርዘን በላይ ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። እዚያው ከእግራችን ስር ናቸው፤ አናያቸውም እንጂ።

ሁለተኛው ነገር ቢልሃርዚያ ነው። ጣና ውስጥ አለ። ጥገኛ ትሉ ዳር ዳሩን ሣርና ቄጤማ ውስጥ ከሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ይወጣል፤ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። አይታይም። «መሃል ላይ ጥልቁ ጋ ብንዘልስ?» የሚሉኝ አሉ። መሃሉ ከዳሩ ይሻላል፤ ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም። ደግሞስ ወደ ጀልባው የምትመለሱት በየት ነው? ብዙዎቹ ጀልባዎች መሰላል የላቸውም። ዳር ወጥታችሁ፣ ቄጤማው ውስጥ ቆማችሁ ነው የምትሳፈሩት።

እኛ የሐይቁ ልጆች እየዋኘን ነው ያደግነው፤ ልዋሽ አልችልም። ትምህርት ቤት ተሰልፈን ኪኒኑን የዋጥነውም ለዚሁ ነው። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ይሠራል። ገብታችሁ ከሆነ አትደንግጡ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ወዲያው በማግስቱ ብትመረመሩ ምንም ላይታይ ይችላል። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ከሆነ «ጣና ገብቼ ነበር» ብሎ ለሐኪሙ ይንገር። እዚያ ያለ ሐኪም በራሱ ላይጠረጥረው ይችላል።

ሦስተኛው ጉማሬ ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ፣ ደብረ ማርያም ደሴት አጠገብ፣ የጉማሬ ሰፈር ነው። ሰው ሊያያቸው የሚሄደውም እዚያው ነው። «ጉማሬ እናያለን፣ ከዚያ እንዋኛለን» የሚል ፕሮግራም ከቀረበላችሁ ያቀረበውን ሰው ዓይን ዓይኑን እዩት።

ቅርቦቹ፦ ደብረ ማርያም፣ የዓባይ መውጫ፣ እንጦስና ክብራን

ለግማሽ ቀን የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። በተለይ አያትም ሕፃንም አብረው ካሉ።

ደብረ ማርያም ከከተማው ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የቆዩ የብራና መጻሕፍት አሉ። ሴትም ወንድም ይገባል። ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ የዓባይ መውጫ ነው። ጥሩ ነጂ እዚህ ጋ ሞተሩን ቀስ ያደርገዋል፤ ከዚያ ጭራሽ ያጠፋዋል። መጀመሪያ የሚታየው ጆሮ ነው። ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ውሃ ያራግፋሉ። ቀጥሎ «ኡፍ» የሚል ትንፋሽ ይሰማል፤ አክስቴ «ምንድን ነው እሱ?» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገችው ያኔ ነው። መጥፎ ነጂ ደግሞ ለፎቶ ብሎ ይጠጋላችኋል። አትፍቀዱለት። ጉማሬ ከስር ብቅ ሲል ጀልባ ይገለብጣል።

ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ጎን ለጎን ያሉ ደሴቶች ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያስኬዳሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው። ክብራን ሴት አይገባም። ወንድ ብቻ ነው። ይህንን ደላላው አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ ደሴቱ ስር ስትደርሱ ነው። አንድ ጊዜ ከሥራ ቦታ ስምንት ሆነን ሄደን አምስቱ ሴቶች ነበሩ። ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ቆሎ ሲቆረጥሙ ነበር። ስንመለስ ያነጋገረን የለም። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ እንጦስ ሴቶችም ይገባሉ። ጀልባው ሴቶቹን እንጦስ፣ ወንዶቹን ክብራን አውርዶ ቢሰበስበን ሁላችንም ደስ ብሎን እንመለስ ነበር። ስትዋዋሉ ይህንን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ደካማ ጎኑስ? ሥዕል የሚወድ ሰው እዚህ የሚጠግብ አይመስለኝም። የዘጌን የመሰለ ጫካም የለም። የከተማው ድምፅ ከነፋሱ ጋር አልፎ አልፎ ይመጣል። ግን ከአራት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ጉማሬ፣ ደሴት፣ ፔሊካንና ቤተ ክርስቲያን አይታችሁ ለምሳ ትመለሳላችሁ።

ዘጌ

ዘጌ ደሴት አይደለም። ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው፤ ከባሕር ዳር በመንገድም ይደረሳል። በጀልባ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያስኬዳል፤ እንደ ሞተሩ ነው። ስለዚህ «ከደሴት ደሴት» ለሚፈልግ ሰው ዘጌ በትክክል አይመጥንም። ለሌላው ሁሉ ግን ጣና ላይ ከዘጌ የሚበልጥብኝ የለም።

ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ውራ ኪዳነ ምሕረት የምትሄዱበት መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። ሩብ ሰዓት፣ 20 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ድንጋያማ ስለሆነ ደህና ጫማ ያስፈልጋል። ግራና ቀኝ ልጆች ትንንሽ የደንገል ታንኳዎችን ደርድረው ይሸጣሉ። ዘጌ ውስጥ በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው። አባቶች እንደሚተርኩት አቡነ በትረ ማርያም መቋሚያቸው ሦስት ቦታ ተሰብሮ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለላቸው። እንግዲህ ከተማ ውስጥ «የዘጌ ቡና» ብላችሁ የምትጠጡት ከዚያ በትር የመጣ ነው።

ውራ ኪዳነ ምሕረት ከውጭ ክብ ጎጆ ትመስላለች። ገብታችሁ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቁሙ። ከዚያ የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሞልቶ ይመጣባችኋል። እኔ ሁልጊዜ የምፈልገው በላዔ ሰብእን ነው። ያ 78 ሰው በልቶ በመጨረሻ ለአንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ የሰጠው ሰውዬ። ሚዛኑ ላይ 78ቱ ነፍስ በአንድ በኩል፣ ጥርኝ ውሃዋ በሌላ በኩል። የአክስቴ ልጅ እዚህ ጋ ሩብ ሰዓት ቆመች። አባን «ምን አደረገ? ለምን ዳነ?» እያለች አስቸገረቻቸው፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ መለሱላት። ጠዋት የኮረፈችበትን መነጽር ያኔ የረሳችው መሰለኝ።

አቅም ካላችሁ አዝዋ ማርያምን ጨምሩ፤ እዚያው አጠገብ ናት። ሦስተኛ ቤተ ክርስቲያን ግን አትሞክሩ። በግማሽ ቀን ሦስተኛው ላይ ሰው ሥዕል ማየት ትቶ ሰዓት ማየት ይጀምራል።

የዘጌ ጉድለት ሁለት ነው። አንዱ ርቀቱ፤ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ውሃ ላይ ናችሁ፣ ጉልበት የሚያማቸው እናት ደግሞ ዳገቱን አይወዱትም። ሁለተኛው ወጪው። ከጀልባው ኪራይ ሌላ በየቤተ ክርስቲያኑ በነፍስ ወከፍ መግቢያ አለ። ቪዲዮ ካሜራ ካላችሁ ለብቻው ሊጠየቅ ይችላል። ስምንት ሰው በሁለት ቤተ ክርስቲያን አባዙት።

ደቅና ዳጋ

ሁለቱም የሐይቁ መሃል ላይ ያሉ ደሴቶች ናቸው፤ በግማሽ ቀን አይሆኑም። ተራ ሞተር ጀልባ አንድ መንገድ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ማየት፣ ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታቱን አፅም መሳለም (እሱም ለወንድ ብቻ ነው) ትልቅ ነገር ነው። ሙሉ ቀን ስጡት። «በፈጣን ጀልባ በግማሽ ቀን አደርሳችኋለሁ» ያላችሁ ሰው ደቅ ላይ አውርዷችሁ «ቶሎ ቶሎ» ሊላችሁ ነው።

የራስ ጀልባ ወይስ የጋራ?

ጀልባ የሚከራየው በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ ሂሳቡ የሚዛባው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ከሆናችሁና ብቻችሁን ከያዛችሁ ትቃጠላላችሁ። ስድስት ሰባት ከሆናችሁ የራስ ጀልባ ያዋጣል፤ ለራሳችሁ ቆማችሁ ለራሳችሁ ትሄዳላችሁ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ጠዋት ጀልባ ማቆሚያው ጋ ሌላ ቡድን ፈልጋችሁ ተደመሩ። የጋራ ጀልባ ጉዳቱ ጊዜው የእናንተ አለመሆኑ ነው። አንዱ ፎቶ ሲያነሳ አንዱ ይጨቀጭቃል።

ሕዝብ የሚጭነው ትልቁ ጀልባም አለ። ርካሽ ነው፣ ዶሮና ጆንያ ቡና አብሮ ይሳፈራል፣ ጨዋታው ለብቻው ነው። ግን በራሱ ሰዓት ሄዶ በራሱ ሰዓት ስለሚመለስ ለግማሽ ቀን እንግዳ አይሆንም።

ታንኳስ? የደንገል ታንኳ የጣና መልክ ነው። ነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ሲሠሩት ቁጭ ብሎ ማየት በራሱ ጉዞ ነው። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ይበሰብስና ሌላ ይሠራሉ። ዳር ዳሩን ለፎቶ መቀመጥ ይቻላል፤ ልብሳችሁ ግን ይርሳል። ደሴት መዞሪያ አድርጋችሁ አትያዙት።

አሁን ስለ ውል ልንገራችሁ፤ እኔ ከፍዬ የተማርኩት ነው። አንድ ጊዜ በሰው በሰው፣ በስልክ ተስማማሁ። «አራት ቦታ፣ ሁሉም ተካቶ» ተባልኩ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ነጂው «ነዳጁ የተሰላው እስከዚህ ነው» አለ። አስጎብኚው ለብቻው ጠየቀ። መግቢያውም አልተካተተም ነበር። ላይፍ ጃኬቶቹ ከወንበሩ ስር ከሽንኩርት ጆንያ በታች ተገኙ፤ ከሰባቱ የሦስቱ ማሰሪያ ተሰብሯል። አንዱን በነጠላ አስረን ለልጅ አለበስነው። ውሃ ላይ ሆኖ መከራከር ደግሞ አይቻልም፤ መሪው ያለው በእሱ እጅ ነዋ!

ከዚያ ወዲህ ሳልሳፈር የምጠይቃቸው አሉ። የትኞቹ ቦታዎች፣ በስማቸው? በየቦታው ስንት ጊዜ ይጠብቀናል? ነዳጁ በማን ነው? አስጎብኚ አለ ወይ፣ ሂሳቡስ? ጃኬት በሰው ልክ አለ? አለ ሲሉኝ አውጥቼ ማሰሪያውን ጠቅ አደርጋለሁ፤ አያፍሩ፣ እናንተም አድርጉት። ክፍያውን ግማሹን መነሻ ላይ፣ ግማሹን መመለሻ ላይ አድርጉ። በማኅበር የተደራጁትን ጀልባዎች ቀጥታ ማቆሚያው ሄዳችሁ ብታናግሩ መሃል ያለው ሰው ድርሻ ይቀርላችኋል። ሆቴል በኩል መያዝ ይቀላል፤ ቅሬታ ሲኖር የምትመለሱበት ሰው መኖሩም ጥሩ ነው። ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ሰዓትና ወቅት

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ። 2 ሰዓት ካለፈ ዘግይታችኋል። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ያ ሰፊ ምጣድ መፍላት ይጀምራል። ያኔ ጀልባው አፍንጫውን እያነሳ ይጥለዋል፣ ከፊት የተቀመጠ ሰው ይታጠባል። ዘጌ ከሄዳችሁ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ከተማ ለመድረስ አስቡ። በክረምት ዝናቡና ማዕበሉ ድንገት ስለሚመጣ ቅርቦቹን ብቻ ያዙ፤ ዘጌን ለጥቅምትና ከዚያ በኋላ ላለው በጋ ተዉት።

«ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጩስ?» ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ጀምሮ አብዝቶ ያስቸገረው ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ፣ ደምቢያንና ፎገራን ነው። በባሕር ዳር በኩል ለግማሽ ቀን ጉዞ ብዙ አያግድም። የሚያግደው ሌላ ነገር ነው፤ በነዚህ ዓመታት ያለው የጸጥታ ሁኔታ ይለዋወጣል። ከመምጣታችሁ በፊት ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

ነጠላ፣ ረዘም ያለ ልብስ፣ ኮፍያና ውሃ ያዙ። ድንኳን የሌለው ጀልባ ከሆነ ፀሐዩ ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የሚያቃጥላችሁ።

ለማን የቱ?

ሽማግሌና ሕፃን ያለበት ቤተሰብ፦ ደብረ ማርያምና የዓባይ መውጫ፣ ከተቻለ እንጦስ። ባልና ሚስት፣ ወይም ሥዕልና ቡና የሚወድ ሰው፦ ዘጌ። ወንዶች ብቻ ከሆናችሁ ክብራንን አትለፉት። ሙሉ ቀን ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ ትቶ ደቅ ይሂድ።

ስኖርክሊንግ ካልሆነ ያለ ሰው ግን ጅቡቲ ይሂድ። ከከተማዋ ጀልባ ይዞ ሙሻ ደሴት ኮራል አለ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አርታ አካባቢ ዓሣ ነባሪ የሚያክል ሻርክ ይመጣል። እዚህ አገር ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ላንጋኖ ነው። እሱም ቡናማ ነው፤ ቢልሃርዚያ የለውም ተብሎ ስለሚታወቅ ግን ሰው ይዋኝበታል። ባሕር ዳር ሆናችሁ ለመዋኘት ደግሞ የሐይቁ ዳር ሆቴሎች ገንዳ አላቸው፤ ከፍሎ መግባት የሚቻልባቸውም አሉ።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ከዘጌ 6 ሰዓት ተመለስን። ዓሣው ሙሉውን ተጠብሶ ከሎሚና ከሚጥሚጣ ጋር መጣ፤ ነጂው እንዳለውም ሳህን ላይ አየችው። ከዚያ ገንዳ ዳር ሄድን። የአክስቴ ልጅ መነጽሩን፣ ቱቦውን፣ ክንፉንም ሳይቀር አድርጋ ገባች። ገንዳው ዳር ያሉ ልጆች ጨዋታቸውን ትተው ተሰበሰቡ። ሁለት ጊዜ ጠለቀችና ሦስተኛው ላይ እጇን ከፍ አድርጋ ወጣች። ባለ አንድ ብር ሳንቲም አግኝታለች።